ነርሷ ሳትሰማ ቄሱ ይሰማል

ወዳጆቼ፣ ስለ ሱስና ኤችአይቪ ስናወራ "ሃይማኖትን ከዚህ ጉዳይ አውጡት" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለምን መሰላችሁ?

እዚህ አገር ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሄደው እንዲህ ነው። ከሰዓት ጫት ይቃማል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር እንዳደረ፣ ኮንዶም ይኑር አይኑር የሚያስታውስ የለም። መርፌ የሚጋሩትማ የባሰ ነው። ጠዋት ጸጸት ሲመጣ ልጁ ክሊኒክ ይሄዳል? የሰፈር ሰው ያየኛል ብሎ ይፈራል። የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱ ወይ ወደ ጠበል ነው፤ ሙስሊሙም ወደሚያምነው ሼህ።

ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከጀመረው ሊያድነው የሚችል፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ዓርብ ሌሊት ለሆነው ነገር ሰኞ ሌሊት ጊዜው አለፈ ማለት ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን የሚሰማው ቄሱ ነው! ስለ 72 ሰዓቱ ካላወቀ ስግደትና ጾም አዝዞ ይሸኘዋል። ካወቀ ግን "ልጄ፣ ቀኖናህን ትፈጽማለህ፤ አሁን ግን ቀጥ ብለህ ጤና ጣቢያ ሂድ" ይለዋል። ምስጢሩም አይወጣ።

ስለ ኮንዶም ይስበክ አላልኩም (አይሰብክም፣ እናውቃለን)። ወደሚያውቀው ሰው ይላከው ነው የምለው። "መጀመሪያ ሱስህን ተው፣ ከዚያ ና" የሚለውን ግን ቢተውት ደስ ይለኛል። መተው ቢችል መች ይመጣ ነበር?

እንጦጦ ጠበል የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን አቁመው የገቡ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያኔ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናገሩ። ያንን ቃል ከእኛ ከመምህራን አፍ ማን ይቀበለው ነበር? ኩዋላ ላምፑር ውስጥ ደግሞ የሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶናቸውን መስጊድ ውስጥ የሚወስዱበት ፕሮግራም ተሞክሯል።

የጤና ባለሙያዎቻችንም ጠበል የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፈገግ ማለት ይተዉ። በሽተኛው ያያል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም።

ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ነርስም ዲያቆንም የሆናችሁ አላችሁ። አንድ ወረዳ ውስጥ ያላችሁ እስኪ ስልክ ተለዋወጡ።