ጭሱ ያለው ጓዳ ነው

ልጆቼን ይዤ ስማዳ፣ እናቴ ዘንድ ሰንብቼ መጣሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ የሚሠራው በወረዳው ግርጌ በሚያልፈው በዓባይ ነው። አገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ስለሆነ፣ እንደ ብዙ አገሮች በጋዝ የሚሠሩ ጣቢያዎችን መዝጋት አይጠበቅባትም።

የእኛ ጭስ ያለው ጓዳ ነው። እናቴ ዛሬም በኩራዝ ታመሻለች፣ በእንጨት ትጋግራለች። ትንሿ ልጄን ጭሱ ቢያስላት፣ «ውጪ የኔ ልጅ፤ እኔስ ለምጄዋለሁ» አለቻት። የቀላው ዓይኗ ግን አልለመደውም።

መስመሩ እስኪደርስ ሶላር መብራትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ልወስድላት ነው። እናንተስ፣ ለበዓል ስትሄዱ ከቡናና ከስኳሩ ጋር ምን ትይዛላችሁ?