ከጓደኝነት ወደ እጮኝነት፦ ስም የሌለው ግንኙነት እስከ መቼ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዘመናችን ብዙ ወጣቶች «ምንህ ናት?»፣ «ምንሽ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ይጠፋቸዋል። ጓደኛ እንዳይሉ ከጓደኝነት ያለፈ ነገር አለ፤ እጮኛ እንዳይሉ ቃል አልተሰጠም፣ ሽማግሌ አልተላከም፣ ቀን አልተቆረጠም። በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ አብረው ይውላሉ፤ አንዱ በሌላው ይቀናል። ስለ ነገ ግን የተነጋገሩት ነገር የለም። አንድ ዓመት እንዲህ ያልፋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ይከተላሉ። አንዱ ትዳር ሲያስብ ሌላው ጊዜ ሲያሳልፍ መኖሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ልብ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። መልእክታችን አንድ ነው፦ እንዲህ ያለውን ግንኙነት ወደ እጮኝነት የሚያሻግረው የጊዜው መርዘም ወይም የስሜቱ መጋል ሳይሆን ነገሩን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። በጨለማ የቆየ ፍቅር ስንት ዓመት ቢቆጥር ቃል ኪዳን አይሆንም።

በወንድምነትና በእጮኝነት መካከል

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ታከብረዋለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የባልና የሚስትን አንድነት በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን አንድነት መስሎ አስተምሯል (ኤፌ. 5፥32)። ወደዚህ ምሥጢር የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ እጮኝነት ነው። ከዚህ ውጭ በክርስቲያን ወንድና ሴት መካከል ያለው ግንኙነት ወንድምነትና እኅትነት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ፣ የትዳርን መቀራረብ እየወሰደ የትዳርን ኃላፊነት የሚሸሽ ሦስተኛ ስፍራ የለም።

በእኛ በሰንበት ተማሪዎች ዘንድ ፈተናው ሌላ መልክ አለው። «ወንድሜ»፣ «እኅቴ» የሚለው ክቡር ስም መሸፈኛ ሲሆን ይታያል። መዝሙር አብሮ ማጥናት፣ ከጉባኤ በኋላ መሸኛኘት፣ በጾም ወራት ተቀስቅሶ ኪዳን ማድረስ ሁሉም መልካም ነው። ሆኖም ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነጋገሩት በሰው ፊት ከሚነጋገሩት የተለየ ከሆነ፣ የንስሐ አባታቸውም የማያውቁት ነገር ካለ፣ ስሙ ወንድምነት ቢሆንም ግብሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ግንኙነት ሲፈርስ ጉዳቱ ከሁለቱ ያልፋል። አንዳቸው ከአገልግሎት ይቀራሉ፤ ማኅበሩም አንድ ልጅ ያጣል። የቀረው ሰው ለምን እንደቀረ ግን ብዙዎች አያውቁም።

ከአበውና ከእማት የምንማረው

ርብቃን እናስብ። የአብርሃም ሎሌ በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ጸልዮ ካገኛት በኋላ ጉዳዩን ለቤተሰቧ ገልጦ ነገራቸው። ቤተሰቦቿም በራሳቸው ፈቃድ ብቻ አላሰናበቷትም፤ ጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት፤ እርሷም ለመሄድ መፍቀዷን በግልጥ ተናገረች (ዘፍ. 24፥57-58)። ቤተሰቡ ጥቂት ቀናት እንድትቆይ ቢለምኑም ሎሌው እግዚአብሔር መንገዱን ካቃናለት በኋላ መዘግየትን አልወደደም። እዚህ ላይ ግልጥ ጥያቄና ግልጥ መልስ እናያለን። ዛሬ ስንቶቻችን ነን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅና ሳንጠየቅ ዓመታት ያሳለፍን?

ያዕቆብንም እንመልከት። ራሔልን በወደዳት ጊዜ ለአባቷ ለላባ ሰባት ዓመት እንደሚያገለግል ነገረው (ዘፍ. 29፥18)። ሰባት ዓመት ረጅም ነው፤ ነገር ግን ቁጥር አለው፤ የልጅቷ አባትም ሰምቶታል። ላባ ኋላ ቢያታልለውም ያዕቆብ ከቃሉ ፈቀቅ አላለም። ስለዚህ የእጮኝነት ጊዜ መርዘሙ ብቻውን ነቀፋ የለበትም። ትምህርት መጨረስ፣ ሥራ መያዝ፣ ታናናሾችን ማስተማር ጊዜ ይጠይቃል። የሚያስነቅፈው «ጊዜው ያሳየናል» እያሉ ቁጥር የሌለውን ዘመን ሌላውን ማስጠበቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የቦዔዝ ነገር ሊያስተምረን ይገባል። ሩት በሌሊት ወደ አውድማው በመጣች ጊዜ ቦዔዝ ክብሯን ጠበቀ እንጂ ምሥጢሩን መጠቀሚያ አላደረገውም። ኑኃሚንም ሰውየው ጉዳዩን በዚያው ቀን ሳይጨርስ እንደማያርፍ ለሩት ነገረቻት (ሩት 3፥18)። እንዳለችውም ሆነ። ቦዔዝ በማለዳ ወደ ከተማይቱ በር ወጣ፤ ከሽማግሌዎች አሥር ሰዎች አስቀመጠ፤ በሕዝቡም ፊት ሩትን ሚስቱ ሊያደርጋት ቃሉን ሰጠ (ሩት 4፥1-11)። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ኢዮቤድ የንጉሡ የዳዊት አያት ሆነ፤ የሩትም ስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ተጻፈ። ወንድሞች ሆይ፣ የወንድ ልጅ ፍቅር የሚለካው በሌሊት በሚናገረው ሳይሆን በማለዳ በሽማግሌዎች ፊት በሚቆምበት ቃል ነው።

«ገና አልተዘጋጀሁም» ስንል

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ገንዘብ ነው። የኑሮው ውድነት እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃቸውን ወጣቶች «ዝም ብላችሁ ተጋቡ» ማለት አይገባም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ነገር ግን ለትዳር መዘጋጀትና ለሠርግ ድግስ መዘጋጀት አንድ አይደሉም። ሥርዓተ ተክሊልና ቅዱስ ቁርባን የሚጠይቁት ንስሐን፣ ንጽሕናንና ፈቃድን ነው፤ አዳራሽ፣ የመኪና ሰልፍና የቪዲዮ ካሜራ አይጠይቁም። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ የእናንተም ድርሻ አለ። «ሰው ምን ይለናል» ብላችሁ የምትጭኑት የድግስ ሸክም ልጆቻችሁን ከተክሊል አርቆ ወደ ስውር ግንኙነት እየገፋቸው እንደሆነ አስተውሉ።

ሌላው ምክንያት «ሳንተዋወቅ እንዴት እንጋባለን?» የሚለው ነው። መተዋወቅ ተገቢ ነው፤ እጮኝነት የተሰጠውም ለዚሁ ነው። ግን የሚያስተዋውቀን የቱ ነው? በካፌ ተቀምጦ መሳሳቅ የሰውን ጠባይ አያሳይም። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጾምና ጸሎት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ወላጆች ጡረታ፣ ስለ ጤና መነጋገር ያስተዋውቃል። ሲቆጣ ምን እንደሚሆን፣ ይቅርታ መጠየቅ ይችል እንደሆነ፣ የቤት ሠራተኛዋን በምን ቃል እንደምትጠራ ማየት ያስተዋውቃል። የሥጋ መቀራረብ ግን ዐይንን ይሸፍናል፤ መለያየት የሚገባቸውን እንኳ አስሮ ያስቀራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ለየራሳችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም በግልጥ ተነጋገሩ። «ይህ ግንኙነት ወዴት ይወስደናል?» ብሎ መጠየቅ ለሴትም ለወንድም ነውር የለውም። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ወይም የሚሸሽ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

ሁለተኛ፣ ሁለታችሁም ለንስሐ አባቶቻችሁ ንገሩ። አባት የሚያውቀው ፍቅር ጠባቂ አለው። የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ማጣራትም፣ በሃይማኖት አንድ መሆንን መመርመርም አስቀድሞ የሚደረግ ነው፤ ልብ ከተጣበቀ በኋላ ሁሉም ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ለቤተሰብ አስታውቁ፤ እንደ ሀገራችን ወግም ሽማግሌ ይላክ። በስደት ያላችሁም ርቀቱን ምክንያት አታድርጉት። እርሷ በዐረብ ሀገር፣ እርሱ በሀገር ቤት ሆነው በስልክ ተስፋ ብቻ ዓመታት የሚያልፉባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ሽማግሌ ግን እርሷ በሌለችበትም ወላጆቿ ቤት መሄድ ይችላል።

አራተኛ፣ ጊዜ ቁረጡ። በአጽዋማት ሠርግ ስለማይደረግ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አስቡ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ፣ ለከርሞ ባይሆን ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ብቻ ሁለታችሁም የምታውቁት ጊዜ ይሁን።

ተነጋግራችሁ መንገዳችሁ አንድ እንዳልሆነ ብታውቁስ? ያን ጊዜ በክብር ተለያዩ። እጮኝነት መመርመሪያም ስለሆነ በጊዜ መለያየት ውርደት አይደለም። ምሥጢርን ማውጣት፣ ፎቶግራፍ መበተን፣ ስም ማጥፋት ግን በክርስቲያን ዘንድ አይሰማ።

ምናልባት ይህን የምታነቡ አንዳንዶች «እኛ ግን አስቀድመን ወድቀናል» ትሉ ይሆናል። የንስሐ በር አልተዘጋም። ተክሊል በድንግልና ለጸኑት የሚሰጥ ክብር ቢሆንም፣ የወደቁትም በንስሐ ተመልሰው በቅዱስ ቁርባን አንድ የሚሆኑበት ሥርዓት አለ። ኀፍረት ከቤተ ክርስቲያን እንዲያርቃችሁ አትፍቀዱ። ቀኖናችሁን ተቀበሉ፤ የሚቻላችሁም ከሆነ የጀመራችሁትን በቃል ኪዳን ፈጽሙ።

በዚህ ሳምንት አንዳችሁ ለሌላው ያን የዘገየውን ጥያቄ ጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ወደ አባቶች ሂዱ፤ «አይደለም» ከሆነም የሰውን ልጅ ዘመን መልሱለት።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ የተገኘ አምላካችን በቤታችሁ ይገኝ፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።