ፊት አይቶ ልብን መካድ

በመስቀል ፍላወር ሠፈር አንድ እኩያዬ ጎረቤት ነበረኝ። በመንገድ ሲሄድ ብቻውን ያንሾካሹካል፤ ሰዎች ሲስቁ በእርሱ የሚስቁ ይመስለዋል፤ ለሰላምታም ፊቱ አይፈታም። እኛም «ነካ ያደርገዋል» እያልን እንሳለቅበት ነበር። አንድ ቀን በልቅሶ ቤት ሁሉ ሲያለቅስ እርሱ ድርቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ «ይህስ ልብ የለውም» ብዬ የተናገርሁት እኔው ነኝ። የሰሙኝም ሳቁልኝ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ለሐዘንተኛዪቱ እናት በየማለዳው በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ የሚያደርስላቸው እርሱ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። አፍሬ፣ «በልቅሶው ዕለት ስለ ምን ዝም አልህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰዉ ሁሉ ጩኸት በውስጤ የሚጮኽ መሰለኝ፤ የእኔ የትኛው እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ» አለኝ።

ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ጠባይ ስኪዞታይፓል ይሉታል። ለስሙ መነሻ የሆነውን ቃል በ1953 እ.ኤ.አ. ሳንዶር ራዶ አወጣው፤ በ1962 ፖል ሚል አስፋፋው። ከስኪዞፍሬንያ ጋር ይዛመዳል እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም፤ በመጠኑ በብዙ ጤነኞች ዘንድ ይገኛል። በቡዳ ወይም በሕልም ማመንም ብቻውን ምልክቱ አይሆንም፤ የአገር ልማድ የሆነ እምነት እንደ ግል ሕመም አይቈጠርምና።

በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ አለ። የሰውየው እጅ ይሸፈንና በፊቱ የጎማ እጅ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በብሩሽ ይዳሰሳሉ። ጥቂት ቆይቶ የጎማው እጅ የራሱ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ይህ ጠባይ ባላቸው ሰዎች ላይ ስሜቱ እንደሚበረታ አሳይተዋል። «እኔ» እና «አንተ» የሚለያዩበት አጥር በእነርሱ ዘንድ ስስ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ «ለሰው አያዝኑም» የሚሉ ፈራጆች ይመልሱልኝ! የሰውን አሳብ ከፊቱ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ሕመሙን መካፈል ሌላ ነገር ነው። በፊተኛው የሚሰናከል ሁሉ ሁለተኛውን አጥቷልን? ሁሉም አንድ ናቸው አልልም፤ ስሜታቸው የቀዘቀዘም አሉ። ነገር ግን መሰናከል ጭካኔ አይደለም። ጭካኔስ የእኔ ሳቅ ነበር፤ እኔ ፊት ማንበብ እያወቅሁ የወንድሜን መከራ አላነበብሁምና።

በከተማችን የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ለስድብ የሚያውሉ አሉ። የሕክምና ቤት ስም ስድብ ሲሆን የታመመው ወዴት ይሂድ? እንቅልፍ ያጣውን፣ ድምፅ የሚሰማውን ወንድማችንን ንዳድ እንደ ያዘው ሰው ደግፈን ወደ ሐኪም ልንወስደው ሲገባን፣ በፌዛችን መንገዱን እንዘጋበታለን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በሠፈርህ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር በስሙ ጥራው፤ ሰላምታህን ባይመልስም ነገ ደግመህ ስጠው። በፊቱ ከሌላው ጋር አታንሾካሹክ፤ በእርሱ የሚስቁበት ይመስለዋልና፣ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው፤ አንተ አትዘግይ።