ቀብድ ከመስጠታችን በፊት

በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ገንዘብ አያያዝ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ መስኮት ላወራችሁ ነው። «መስኮትን ከትዳር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። አራት መስኮት አንድን ቤት አራት ወር ሙሉ ሊያናጋ እንደሚችል የተረዳሁት በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ቤታችን ገሱባ ነው። እንደ ብዙው የአካባቢያችን ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ፣ በጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ነው። መስኮቶቹ የእንጨት ነበሩ። ሲዘጉ ቤቱ ይጨልማል፤ ሲከፈቱ ዝናብና ነፋስ ይገባል። የሁለቱን ደፍ ምስጥ በልቶታል። ክረምት በመጣ ቁጥር እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በትከሻችን እየገፋን ነበር የምንከፍታቸው። ትንሿ ልጃችን ደግሞ ሳል አይለቃትም። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ባለሙያዋ የማገዶው ጭስ እንዲወጣ፣ ብርሃንና አየርም እንዲገባ አጥብቃ መከረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ መስታወት ያለው የብረት መስኮት ለማሠራት ቆረጠች። ቅቤና ቡና እየሸጠች፣ እቁቧንም እየጠበቀች አጠራቀመች። እኔም ከደመወዜ ጨመርሁበት።

በጸሎት ቤቱ በር ላይ የተደረገ ስምምነት

ጊዜው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። በጉባኤያችን ውስጥ የብየዳ ቤት ያለው አንድ ወንድም አለ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጸሎት ቤቱ በር ላይ አገኘሁትና ነገሩን አነሣሁለት። «ጋሼ፣ ለእርስዎማ ለጊፋታ አደርስልዎታለሁ» አለኝ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ እንግዳ ቤቱን የሚሞላበት፣ ሁሉም ቤቱን አድሶና አሳምሮ የሚጠብቅበት በዓል። ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ አልነበረም። ዋጋውን ተነጋገርን፤ ተጨባበጥን። ከጠቅላላው ዋጋ ሁለት ሦስተኛውን በማግሥቱ በእጁ ሰጠሁት። እሱ ወረቀት እንጻፍ ቢል እንኳ እኔ እምቢ የምል ይመስለኛል። «በወንድማማች መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የምል ሰው ነበርሁ። ባለቤቴን ግን ምን ያህል እንደሰጠሁ አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን መጣ። የአንዱን መስኮት ልክ ወስዶ «ሌሎቹም ያው ናቸው» አለ። ግድግዳው ከአሁኑ ይስተካከል ብሎ አሮጌዎቹን መስኮቶች ነቀላቸው። ክፍተቱን በላስቲክ ሸፈንነው። የሳምንት ነገር ነው ብለን ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱም መስታወቱም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነውና ዋጋው ተሰቀለ። ያ ወንድም በሰጠሁት ገንዘብ ብረት አልገዛበትም ነበር። የሌላ ደንበኛ ሥራ ስለተጓተተበት በእኛ ቀብድ የዚያን ሰው ሥራ ጨርሶ፣ የእኛን ደግሞ በሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ሊሠራ አስቦ ነበር። ብዙ የእጅ ባለሙያዎች በዚህ መንገድ እንደሚሠሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ዋጋ ባለበት ሲቆም ያስኬዳል፤ ዋጋ ሲዘል ግን መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ይወድቃል። መጨረሻ ላይ የቆምነው እኛ ነበርን።

ነሐሴ ገባ። ላስቲኩ በነፋስ ይቀደዳል፤ እንደገና እንቸነክረዋለን። ዝናቡ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ምርጊቱን አራሰው። የልጃችን ሳል ባሰበት። የወንድማችን ስልክ አይነሳም። አንድ ምሽት ባለቤቴ «ቀብዱን እናስመልስና ሌላ ሰው እናሠራ፤ ስንት ነበር የሰጠኸው?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያም «ብሩን ሠርተን እናገኘዋለን፤ አንተ ግን ወር ሙሉ ዓይኔን እያየህ ዝም አልክ» አለችኝ። ያን ሌሊት ከዝናቡ ድምፅ በቀር በቤታችን የሚናገር አልነበረም። ጊፋታንም በላስቲክ መስኮት አከበርነው።

ሽማግሌው የጠየቁን ጥያቄ

ከመስቀል በኋላ ነገሩን ለጉባኤያችን ሽማግሌ አቀረብሁ። አንድ አረጋዊ አባት ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ይህን ለእሱ ብቻውን ነግረኸዋል?» አሉኝ። አፈርሁ። ለጎረቤት ነግሬአለሁ፤ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ነግሬአለሁ፤ በማቴዎስ 18 ጌታ ባዘዘው መንገድ ግን ቤቱ ድረስ ሄጄ ከእሱ ጋር ብቻ አልተነጋገርሁም። በማግሥቱ ሄድሁ። ሳይሸሽ ተቀበለኝ፤ አጥፍቻለሁም አለኝ። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጥን።

እኒያ አባት አልተቆጡም፤ ጠየቁን ብቻ። የምን ብረት ነው የተስማማችሁት? እኔ ኤልቲዜድ የሚባለውን የመስኮት ብረት አስቤ ነበር፤ እሱ በቱቦላሬ ነበር ያሰላው። መስታወቱ ስንት ሚሊ ነው? እኔ 4፣ እሱ 3። ፍርግርጉ በዋጋው ውስጥ አለ? እኔ አለ፣ እሱ የለም። ዋጋ ቢጨምር ማን ይሸከመዋል? ሁለታችንም ዝም። አባታችን ፈገግ ብለው «እንግዲህ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ስምምነት ግን አልነበራችሁም» አሉን።

ይህ አባባል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። በመካከላችን የነበረው መተማመን ነው ብዬ የማስበው ነገር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው የተመኙት ምኞት ነበር።

ከዚያ ኤርምያስ 32ን እንድናነብ አደረጉን። ነቢዩ በዓናቶት ያለውን እርሻ የገዛው ከአጎቱ ልጅ ነው። ሥጋ ዘመዱ ነው፤ ግዢውንም ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ይሁን እንጂ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ውሉን ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮች አስፈረመ፤ ወረቀቱም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አደረገ። ታዲያ ከዘመዱ ጋር፣ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሚገበያይ ነቢይ ውል ከጻፈ፣ እኔ በጸሎት ቤት በር ላይ በመጨባበጥ ብቻ የምተማመነው ማን ሆኜ ነው? ውል መጻፍ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። የነገው ዋጋ፣ የነገው ዝናብና የሰው ሁሉ ረሳተኛነት ፍቅራችንን እንዳያበላሹት አጥር ማጠር ነው።

የአገራችንም ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚደነግገው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህን የጻፍሁት ወንድማችሁን እንድትከሱ አይደለም። ቀብድ ቀላል ነገር አለመሆኑን ሰጪውም ተቀባዩም እንዲያውቅ ነው።

በሽማግሌዎቹ ፊት አዲስ ውል ጻፍን። እጥፉን አልጠየቅነውም፤ ከቀብዱ የቀረውን መለሰ፤ የጎደለውን በእጅ ሥራው ሊተካ ተስማማ። ብረቱንና መስታወቱን እኔና ባለቤቴ አብረን ሶዶ ሄደን ገዛን። በዋጋው ጭማሪ የከሰርነው ከሰርን። ኅዳር ላይ አራቱም መስኮቶች ቆሙ። ሥራው ጥሩ ነበር።

የእኔ ጥፋት ሁለተኛው ክፍል

በዚህ ብጨርሰው ጥሩ ሰው እመስላችሁ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሥራው ሲያልቅ ለእሱ የሚገባው የመጨረሻ ክፍያ ነበር፤ ቀኑም በውሉ ተጽፏል። እኔ ግን «እኔን እንዳንከራተተኝ እሱም ትንሽ ይንከራተት» ብዬ ያዝሁበት። ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሸኘሁት።

ባለቤቴ ይህን ስታውቅ «ሥራውን ጨርሷል፤ የልጆቹ ጉርስ በእኛ ኪስ ለምን ያድራል? ወይስ ቀጥቃጭ ስለሆነ ነው?» አለችኝ። የመጨረሻው ቃል ወጋኝ። በወላይታ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ተንቀው የሚኖሩበት፣ ከእነሱ ጋር ማዕድ መቁረስ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ወንጌል በምድራችን ሲሰበክ በአንድ አባት ፊት ሁላችን እኩል መሆናችንን ሰማን፤ በአንድ አግዳሚ ወንበርም ተቀመጥን። ታዲያ አብሬው ጌታ እራት የምወስደውን ሰው በደመወዙ ሳጉላላው ያ አሮጌ ንቀት በልቤ ጥግ ተደብቆ እንዳልነበር እርግጠኛ መሆን አልቻልሁም። ዘዳግም 24 የሠራተኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዛል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተያዘ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። በዚያው ምሽት ሄጄ ከፈልሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

ቤታችሁን ልታሠሩ ያሰባችሁ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ያፈሰስነውን እናንተ እንዳትለቅሙ ከደረሰብን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

1. አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተስማሙ። ስንት መስኮት፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው ገንዘብ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ከባለሙያ ጋር መነጋገር አይገባም። በሉቃስ 14 ግንብ የሚሠራው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ እንደሚያሰላ ጌታ ተናግሯል፤ ባለትዳር ደግሞ የሚያሰላው ሁለት ሆኖ ነው።

2. ሥራውን በዓይናችሁ እዩ። ባለሙያው ከዚህ በፊት የሠራውን ቢያንስ ሁለት ቤት ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ የቤቱን ባለቤት በቀኑ አድርሶላቸው እንደሆነ ጠይቁ። በጉባኤ ውስጥ መልካም ዘማሪ መሆንና መልካም በያጅ መሆን የተለያዩ ስጦታዎች ናቸው።

3. እያንዳንዱ መስኮት ለየብቻው ይለካ። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ አይልምና ስፋቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይወሰድ፤ ቁመቱም እንዲሁ። የሚሠራው በትንሹ ልክ ነው።

4. ውሉን ጽፋችሁ በሁለት ምስክር ፊት ፈርሙ። የብረቱ ዓይነት፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ ፍርግርግና የትንኝ ወንፊት መኖር አለመኖሩ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ የተበላሸውን ግድግዳ ማን እንደሚመርግ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ዋጋ ቢንር ወይም መብራት ጠፍቶ ብየዳ ቢቆም ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉም ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል።

5. ገንዘቡን ከፋፍላችሁ ስጡ። ከተቻለ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ለዕቃው መግዣ ይሁን፤ ተገዝቶም እዩት። ሁለተኛው መስኮቱ ሲቆም፣ የመጨረሻው ጥቂቱ ደግሞ ዝናብ ማስገባት አለማስገባቱ ከታየ በኋላ ይሁን። በጋ ከሆነ ከውጭ ውኃ በጣሳ ረጭታችሁ ሞክሩት። ይህም በውሉ ይጻፍ፤ ቀኑ ሲደርስም አታጓትቱ።

6. አዲሱ ተሠርቶ ሳታዩ አሮጌው አይነቀል። ይህን ብቻ አውቀን ቢሆን ልጃችን ያን ክረምት በላስቲክ ሥር ባላሳለች ነበር።

7. ሲተከል አጠገቡ ሁኑ። የብረቱ እግሮች በጭቃው ላይ ሳይሆን ከቋሚው እንጨት ጋር በደንብ ይያያዙ። በውኃ ልክ ይታይ። ደፉ ውኃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ዘንበል ይበል። ፍርግርግ የምታስገቡ ከሆነ እሳት ቢነሣ የምትወጡበት፣ ከውስጥ የሚከፈት አንድ መስኮት አስቀሩ።

ለባልና ሚስት መወያያ

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ተነጋገሩባቸው። በዚህ ዓመት አንዳችን ለሌላው ሳንናገር የሰጠነው ወይም የተበደርነው ገንዘብ አለ? ሠርቶልን ያልከፈልነው ሰው አለ? በሌላ ሰው ፊት እያማነው ከእሱ ጋር ግን ያልተነጋገርነው ወንድም አለ? መልሱ «አለ» ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጀምሩ።

ያ ወንድም አሁንም ከእኛ ጋር ያመልካል። ባለፈው ጊፋታ ከነቤተሰቡ ቤታችን መጥቶ አብረን በላን። ልጆቹ በሠራው መስኮት አጠገብ ቆመው ውጭውን ያዩ ነበር። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «እንኳን ከፈልነው» አለችኝ።

ቸር ይግጠመን፤ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።