የትኛው ገበያ ይመስክር?

የአንድ መሪ የኢኮኖሚ ሥራ በምን ይመዘን? ሌላው ዓለም ፕሬዚዳንቱ በተናገረ ማግስት የአክሲዮን ገበያው ወጣ ወይስ ወረደ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የገንዘቡን ቁልፍ የያዘው ፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችንም ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነውና ገና ጥርስ አላበቀለም። ታዲያ ማንን እንጠይቅ? እኔ አዳማን እንጠይቅ ባይ ነኝ።

ከጅቡቲ የሚጫነው ዕቃና ነዳጅ በአዳማ ደጅ ያልፋል። ዶላር ሲወደድ የጎማውና የመለዋወጫው ዋጋ ቶሎ የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ዳር ነው። መንግሥት መግለጫውን አንብቦ ሳይጨርስ ባለሱቁ ዋጋውን ለውጦ ይጠብቃል።

ልማዳችን አንድ ነው። በአቶ መለስ ዘመን፣ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ብር በአንድ ጊዜ ወደ 17 በመቶ ገደማ ወረደ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአቶ ኃይለማርያም ዘመን 15 በመቶ ተደገመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዶክተር ዐቢይ መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወሩ 100 ብርን ተሻገረ። ያን ጊዜ የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ምክር የሰማ የለም። ዓመታት ያንቀላፋ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲነቃ «ለገበያው ምላሽ ሰጠን» ይላል። እንዲህ ያለው ምላሽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው!

ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። በ2003 ዓ.ም. የዋጋ ጣሪያ ወጣ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ሲጠፋ ከወራት በኋላ ከአብዛኛው ላይ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴም ዋጋ ጨመራችሁ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ስግብግብ ነጋዴ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን ብርን ያወረደው እሱ ነው እንዴ?

«ለፋይናንስ ገበያ ጆሮ መስጠት ለፈረንጅ መንበርከክ ነው» የሚሉም አሉ። አልስማማም። በኅዳር 2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ከዓለም ገበያ ስንበደር ደረታችንን ነፍተን ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። በኩራት የገባ ሰው ሲጨንቀው «አያገባኝም» ማለት አይችልም።

በሌላ ወገን ያሉት የመንግሥት ጠበቆች የዓለም የገንዘብ ድርጅት የፈቀደውን 3.4 ቢሊዮን ዶላርና የወጪ ንግዱን ዕድገት ይቆጥሩልናል። እውነት ነው፤ የቡና ገቢ በ2017 በጀት ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። የዋጋ ንረቱም ረግቧል ይሉናል። ረገበ ማለት ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ እንጂ። ደመወዝተኛው እዚያው ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ደግሞስ ለማን ነው የረገበው? በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ አበባ ልኮ ዶላር የሚያስገባው ባለእርሻ ከብር መውረድ ይጠቀማል። የመቂው ሽንኩርት አምራች ግን ዘሩን፣ የተባይ መድኃኒቱንና የፓምፑን ነዳጅ በዶላር ዋጋ ገዝቶ ምርቱን በብር ይሸጣል። የወንጂው የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ነው። ሦስቱም የአንድ ሸለቆ ሰዎች ናቸው፤ ውሳኔው ግን አንዱን አንሥቶ ሁለቱን ይጥላል። መሪ የሚመዘነው ለወደቁት ምን አዘጋጀ በሚለው ነው።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ሦስት ጥያቄ አላት። ክፍተቱ ትንሽ ሳለ አስተካከልክ ወይስ እስኪፈነዳ ጠበቅህ? ደመወዝተኛውን ከውሳኔው በፊት አሰብከው ወይስ ከጮኸ በኋላ? የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ድካም በአዳማ፣ በሞጆ፣ በሻሸመኔ ገበያ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል፤ አምና ስንት ይገዛ ነበር?

የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ የዋሽንግተን ባለሙያ አያስፈልግም። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ይበቃል።