«ሜጋ» ብቻውን መለኪያ አይሆንም

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ አንድ ሰው «መቶ ሜጋ ገዛሁ» ሲል ስለ ስልክ ጥቅል መጠን መናገሩ ነው፤ በዚያው ዕለት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «መስመራችን አራት ሜጋ ነው» ሲል ደግሞ ስለ ፍጥነት። የመጀመሪያው «ሜጋ» ሜጋ ባይት ነው፣ ሁለተኛው ሜጋ ቢት። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በሁለቱ መካከል የስምንት እጥፍ ልዩነት አለ። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ማንንም አይጎዳም፤ ተናጋሪውና አድማጩ ይግባባሉ። አነጋገሩ ሳይታረም ወደ ምርምር ንድፈ ሐሳብ፣ ወደ በጀት ጥያቄና ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እንግሊዝኛው ሁለቱን የሚለያቸው በአንዲት ፊደል ትልቅነትና ትንሽነት ነው፤ ቢት በትንሹ «ቢ»፣ ባይት በትልቁ ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ «ኤምቢ» ተብሎ በአማርኛ ሲጻፍ መለያው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ አንባቢው የሚተማመነው በግምት ብቻ ይሆናል። ይህ የፊደሉ ጉድለት አይደለም፤ የጸሐፊው ስንፍና ነው፤ ቃሉን በሙሉ መጻፍ የሚከለክለው የለምና።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው የቴሌኮም መስመርና ያረጀ የመረጃ ማከማቻ ሲገናኙ ነው። የመስመር ባለሙያ አንድ ቢት ሌላውን ተከትሎ ሲያልፍ ስለሚያይ በቢት ይቆጥራል። የቀድሞው አይዲኢ የሃርድ ዲስክ ገመድ ግን 16 ቢት ጎን ለጎን ያሳልፍ ስለነበር የማከማቻ ባለሙያ በባይት መቁጠርን ለመደ። የስምጥ ሸለቆው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልና በባቱ አቅራቢያ ያለው የአዳሚ ቱሉ ማዕከል የሚገኙበት፣ የመስክ ሙከራና የአየር ጠባይ መረጃ ለብዙ ዓመታት ሲሰበሰብ የኖረበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አሮጌ ዲስክ ተራ ዕቃ አይደለም፤ ያለፈ የዝናብ ወቅት ተመልሶ አይለካም።

ለምሳሌ ያህል 40 ጊጋ ባይት የሚይዝ አይዲኢ ዲስክ ይወሰድ። ማገናኛው በሰከንድ እስከ 100 ሜጋ ባይት ያሳልፋል፤ ይህም 800 ሜጋ ቢት ነው። ይዘቱ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው በኢ-ዋን መስመር ይሁን። የኢ-ዋን ፍጥነት በሰከንድ 2.048 ሜጋ ቢት ነው (ከአሜሪካ በሚመጡ መጻሕፍት የተማረ ሰው 1.544 ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ያ ግን የሰሜን አሜሪካው ቲ-ዋን ነው)። ቢቱን ባይት ብሎ ያሰበ ዕቅድ አውጪ ሥራው በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል ብሎ ማታ ይጀምረዋል። በትክክል ሲሰላ መስመሩ የሚያሳልፈው በሰከንድ 256 ኪሎ ባይት ስለሆነ ከ43 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህም ገና ጣሪያው ነው። ኢ-ዋን ካሉት 32 የጊዜ ክፍሎች አንዱ ለመስመሩ ቅንጅት ይውላል፤ ከእያንዳንዱ 1,500 ባይት እሽግ ውስጥም ቢያንስ 40 ባይት ለአድራሻና ለቁጥጥር ይሄዳል። እነዚህ ሲቀነሱ ሥራው 46 ሰዓት ያህል ይሆናል። በሁለት ሙሉ ቀን ውስጥ መብራት አንድ ጊዜ ቢጠፋና የመላኪያው ፕሮግራም ካቆመበት መቀጠል የማይችል ቢሆን ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

«ለስምንት አካፍል» የሚለው ሕግም ሁልጊዜ አይሠራም። ሳታ የተባለው የዲስክ ማገናኛ በመጀመሪያው ትውልዱ 1.5 ጊጋ ቢት በሰከንድ ይባላል፤ ለስምንት ሲካፈል 187.5 ሜጋ ባይት ይመጣል፤ እውነተኛው ጣሪያ ግን 150 ነው፤ ለእያንዳንዱ 8 ቢት መረጃ በገመዱ ላይ 10 ቢት ይልካልና። ከአየር ጠባይ መመዝገቢያ መሣሪያ በ9,600 ቢት የሚያነብ የቆየ ተከታታይ ገመድም በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ባይት መነሻና መድረሻ ቢት ስለሚጨምር የሚያሳልፈው 1,200 ሳይሆን 960 ባይት ነው። በዚህ ላይ ኮምፒውተሩ 40 ጊጋ ባይቱን 37.25 አድርጎ ሲያሳይ የተደናገጠ ተማሪ ብዙ ነው፤ የጠፋ ፋይል ግን የለም፤ አምራቹ በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 እየቆጠሩ ነው።

ያንኑ ዲስክ በቦርሳው ይዞ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ የሚደርስ ተመራማሪ ከቤት እስከ ቢሮ ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት መረጃውን በሰከንድ ከ44 ሜጋ ቢት በላይ አጓጓዘ ማለት ነው፤ ይህም ከኢ-ዋኑ 21 እጥፍ ይበልጣል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቅድ አውጪው ስሌቱን በሰዓት ቢሠራው ኖሮ መስመር ከመጠየቁ በፊት የትራንስፖርት አበል ይጠይቅ ነበር።

የአገሪቱ ጸሐፊ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ሲኖር «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»ን መለየትን ለምዷል፤ ያለዚህ ምልክት ዓመት የጻፈ ተማሪ አማካሪው ወዲያው ያርመዋል። ቢትና ባይትም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይገባቸዋል። በድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ውስጥ ፍጥነት ሲጠቀስ መለኪያው በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ የማገናኛው ጣሪያ ነው ወይስ በተግባር የተለካ የሚለው ይገለጽ፤ ከቁጥሩ ጎንም ሥራው የሚፈጀው ሰዓት ይቀመጥ። አማካሪዎችና ፈታኞች ይህን እንደ ቅርጽ ጉዳይ ሊያልፉት አይገባም።

ለአሮጌዎቹ ዲስኮች ደግሞ ቅደም ተከተሉን ስሌቱ ራሱ ይነግራል። በዩኤስቢ ማገናኛ በሰከንድ 30 ሜጋ ባይት ብቻ ቢነበብ እንኳ 40 ጊጋ ባይት በ22 ደቂቃ ገደማ ይገለበጣል። በሸለቆው ሙቀትና አቧራ መካከል የቆየ ዲስክ ለ46 ሰዓት ያለማቋረጥ ከሚሽከረከር አስቀድሞ ባለበት ቦታ ይገልበጥ፤ በመስመሩ የሚላከው ቅጂው ነው።