አዳኙ እንግዳ፣ ማማው ላይ ያለው ገበሬ

ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ሮቤን አልፎ ወደ ኦዶ ቡሉ ጫካ ይገባል። መሪ አለው፤ ፈቃድ አለው፤ ለአንድ የደጋ አጋዘን ብዙ ሺሕ ዶላር ይከፍላል። ተኩሶ፣ ቀንዱን ጭኖ ይመለሳል። የባሌ ገበሬ ግን ገብሱን ከከርከሮ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድራል፤ ያንኑ አጋዘን ቢገድል ይታሰራል።

«አደን ባይኖር ጫካው በታረሰ ነበር» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም፤ ሳይንስም ያወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ከተኰሰው በኋላ ነው (ገበሬውን ማን ጠይቆት!)። ዛሬስ የቀረውን ማን ይቈጥራል? ከዶላሩስ ለማማው ባለቤት ስንት ደረሰው? እኛ የመደ ወላቡ ተማሪዎች ቈጠራው ላይ እንገኝ፤ ሒሳቡም በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንላለን።